አውሮፕላን ለመሳፈር 176 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ውል አዘጋጃለሁ፣ የትምህርት ማስረጃ እገለብጣለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ማንም ያልሾመኝ ሌላ ሥራ ተጨምሮብኛል። ልጁ ከውጭ አገር ቲኬት የላከለት ሰው ሁሉ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ ይመጣና «እስቲ እየው፣ ስንት ሰዓት ነው የሚያስኬደው?» ይለኛል። አላውቅም ማለት ደግሞ ለንግድ አይበጅም። ስለዚህ የሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎችን ርቀትና የበረራ ጊዜ የሚያሰላ አንድ የኢንተርኔት አገልግሎት መጠቀም ጀመርኩ፤ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ክፍያ የለውም። ስሙን አልጠራም፤ አቻዎቹ ብዙ ናቸው፣ ጠባያቸውም የአንድ እናት ልጆች ያህል ይመሳሰላል።

ፍርዴን አስቀድሜ ልስጥ። ርቀቱን እመኑት። ሰዓቱን በግማሽ ልብ እመኑት። «ለእርስዎ ቅርብ የሆነው ማረፊያ» የሚለውን ቦታ ግን ጎጃም ተቀምጣችሁ አትንኩት።

ገጹ ሲከፈት ሁለት ባዶ ሣጥኖች ይመጣሉ፤ በአንዱ መነሻ፣ በሌላው መድረሻ ይጻፋል። በአማርኛ «ባሕር ዳር» ብዬ ብጽፍለት አልተገኘም አለኝ። በላቲን ፊደል ስጽፍም በመጀመሪያው ሙከራ እሺ አላለም፤ የከተማዋ ስም በላቲን ሲጻፍ በሦስትና በአራት ዓይነት ስለሚንጋደድ የእኔና የእሱ አጻጻፍ አልገጠመም። መላው ባለሦስት ፊደሉን ኮድ መጻፍ ነው። ቦሌ «ኤዲዲ» ነው፣ ጎንደር «ጂዲኪው»፣ ላሊበላ «ኤልኤልአይ»፣ ባሕር ዳር «ቢጄአር»። ቢ የባሕር፣ አር የዳር ነች ብዬ ተቀብያለሁ፤ ጄዋ መካከል ገብታ ምን እንደምትሠራ ግን እስካሁን ያስረዳኝ የለም። ኮዶቹን በእስክሪብቶ ጽፌ ከኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ ለጥፌአቸዋለሁ። ኔትወርኩ በሚደክምበት ቀን ካርታው እስኪከፈት ሻይ ይጠጣል፤ ከተከፈተም በኋላ አንድ የሆቴል ማስታወቂያ መጥቶ በቁጥሩ ላይ ይጋደምበታል። ነፃ ነገር ነውና ይህን በይቅርታ አልፌዋለሁ።

ከባሕር ዳር ቦሌ ብዬ ስጠይቀው 333 ኪሎ ሜትር፣ 207 ማይል፣ 180 የባሕር ማይል አለኝ። አባቴ በርበሬ ነጋዴ ነበር፤ ራሱ በራሱ ሚዛን ሳይደግመው የሰው ሚዛን አምኖ ከረጢት አልተቀበለም። እኔም ዘጠነኛ ክፍል የምትማረውን ልጄን ጠራሁና የተበላሸ ፎቶ ኮፒ ጀርባ ላይ ቁጭ ብለን ደገምነው። የባሕር ዳሩ ማረፊያ በሰሜን ኬክሮስ 11.61 ዲግሪ ላይ ነው፣ ቦሌ 8.98 ላይ። ልዩነቱ 2.63 ነው፤ አንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ወደ ደቡብ 292 ኪሎ ሜትር ወረድን። በኬንትሮስ ደግሞ ባሕር ዳር 37.32፣ ቦሌ 38.80 ነው። በእኛ አካባቢ አንዱ የኬንትሮስ ዲግሪ 109.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ወደ ምሥራቅ 162 ኪሎ ሜትር ሄድን። ከዚያ በኋላ ያለው ልጄ በክፍል የተማረችው የፓይታጎረስ ነገር ነው፤ ሁለቱን ቁጥሮች በየራሳቸው አባዝታ፣ ደምራ፣ ሥሩን ስታወጣው 334 መጣ። የአንድ ኪሎ ሜትር ልዩነት! «እሱ ተሳስቶ ይሆናል» አለች ልጄ። የተሳሳትነው እኛ ነን፤ አንዱን ዲግሪ 111 ብለን አጠጋግተን ነው ያሰላነው። አገልግሎቱ የሚለካው በክቧ ምድር ላይ ያለውን አጭሩን መሥመር ነው።

በቅርብ ርቀት የምድር ክብነት አይታይም፤ በሩቁ ግን ደንበኞቼን ያደናግራቸዋል። ከቦሌ አሜሪካ ወዳለው ዋሽንግተን ደለስ ማረፊያ ሲጠየቅ ካርታው ላይ የሚታየው መሥመር ተለጥጦ እንደተያዘ ደጋን ነው፤ በሱዳንና በሊቢያ ሰማይ ሽቅብ ወጥቶ፣ ስፔንንና ፖርቱጋልን አቋርጦ፣ ከዚያ በኋላ ነው አትላንቲክን የሚሻገረው። «በቀጥታ አይሄድም እንዴ? ሰው ለማዞር ነው?» ያሉኝ አንድ አባት አሉ። ውሃ የማስቀምጥባትን ቅል አውርጄ ክር ወጠርኩባትና አሳየኋቸው። ክሩ በቅሏ ሆድ ላይ ሲወጠር ራሱ አጭሩን መንገድ ይመርጣል። ቅሏን አገላብጠው አዩዋት፣ ክሩን በጣታቸው ገፋ አድርገው ለቀቁት፣ ተመልሶ ቦታው ገባ። ከዚያ ወዲያ ጥያቄ አላነሡም።

ወደ ሰዓቱ ልምጣ። ባሕር ዳር–ቦሌ 55 ደቂቃ ይላል። ባሕር ዳር–ጎንደር በአየር 102 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለዚህ ደግሞ 38 ደቂቃ ይሰጣል። ርቀቱ በሦስት እጥፍ ሲያንስ ሰዓቱ ግማሽ እንኳን አልቀነሰም። ይህ ነገር ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ። በማግሥቱ ቦሌ–ደለስን ጨመርኩበት፤ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 14 ሰዓት ከ57 ደቂቃ። ሦስቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ምሥጢሩ ወጣ። አገልግሎቱ ለማንኛውም በረራ ግማሽ ሰዓት ያስቀምጣል፤ ለመነሣትና ለማረፍ ማለት ነው። ከዚያ ሙሉውን ርቀት በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ያካፍለዋል። በቃ። ነፋስ አያውቅም፣ የአውሮፕላን ዓይነት አይጠይቅም፣ ሲሄድና ሲመለስ አይለይም።

ለባሕር ዳር መሥመር ይህ ሒሳብ በአጋጣሚ ይሠራል። በአገር ውስጥ ብዙ የሚበረው ባለፕሮፔለሩ ኪው 400 ሙሉ ፍጥነቱ በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 800 አይደርስም። ነገር ግን ያቺ የግማሽ ሰዓት ምርቃት ጉድለቱን ትሸፍንለታለች። እኔ ስበር በእጄ ሰዓት ይዤው ነበር፤ መንኰራኩሩ መሬት ከለቀቀበት ቦሌን እስከነካበት 48 ደቂቃ፣ በመንደርደሪያው ላይ የተሳበው ሲጨመርበት 58። ከ55 ጋር ብዙም አይጣላም።

ለደለስ ግን አሳፍሮኛል።

የጅጋ ሰው የሆኑ አንዲት እናት ነበሩ፤ ልጃቸው አሜሪካ ልትወልድ ነውና አራስ ሊጠብቁ የሚሄዱ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። ቲኬታቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው «ልጄ፣ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው። ሰማይ ላይ ዘጠኝ ሰዓት መቼ ነው?» አሉኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልገጠመኝም። አገልግሎቱ የሰዓት ልዩነት የሚያሳይበት ቦታ አለው፤ በዚያ ሰሞን ሰባት ሰዓት ነበር፣ በእነሱ ክረምት ስምንት ይሆናል። «እማማ፣ ማታ አምስት ሰዓት ይነሣሉ፣ በረራው ዐሥራ አምስት ሰዓት ነው፤ ሲደርሱ እዚህ ስምንት ሰዓት ይሆናል፣ እዚያ ግን ገና ማለዳ አንድ ሰዓት ነው» አልኳቸው፤ ወረቀቱን አትሜ፣ ቁጥሩን በቀይ አስምሬ ሰጠኋቸው።

የደረሱት ከዐሥራ ሰባት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። መንገድ ላይ አውሮፕላኑ ነዳጅ ለመሙላት አርፎ ነበር፤ ሰዎቹ ሳይወርዱ ተቀምጠው ጠበቁ። ነገሩ የታወቀ ነው፣ ያላወቅኩት እኔ ነኝ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ማረፊያ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ክንፍም ሞተርም በስስ አየር ጉልበታቸው ስለሚቀንስ፣ አትላንቲክን የሚያሻግር ነዳጅና ሙሉ ተሳፋሪ አንድ ላይ ተሸክሞ ከዚያ መነሣት ከባድ ነው። በዚያ ላይ በአትላንቲክ ላይ ከፍ ብሎ የሚነፍሰው ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነውና ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገጥማል። ሲመለሱ ግን መነሻው ዝቅተኛ ቦታ ነው፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋል፤ በቀጥታ ዐሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ ይበቃል። አገልግሎቱ ለሁለቱም 14 ሰዓት ከ57 ደቂቃ ነው የሚለው፤ ዓይኑን አያሽም።

እማማ ከደረሱ በኋላ በልጃቸው ስልክ ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ ያ ሰውዬህ ዋሸኝ» አሉ። ገጹን እንደ ሰው ነው የሚቆጥሩት። አገር ቤት ዐሥር ሰዓት ሆኖ፣ ቅዳሴ ወጥቶ፣ ሰው እህል ቀምሷል፤ እሳቸው የወረዱበት አገር ግን ፀሐይዋ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቆማለች። እስከ ዘጠኝ ሌላ ስድስት ሰዓት! የንስሐ አባታቸውን አስደውለው ጠየቁ፤ በሄዱበት አገር ፀሐይ ይጹሙ ተባሉ። ጾሙት። ይህን የነገሩኝ እየሳቁ ነው፤ እኔ ግን ያቺን በቀይ ያሰመርኩባትን ወረቀት አስቤ ላብ አጠመቀኝ።

አሁን ወደ ራሴ ጉዞ። ኅዳር ላይ የፎቶ ኮፒ ማሽኔ ድራም ተበላሸና አዲስ አበባ መሄድ ግድ ሆነብኝ። አውቶቡስ ለምጃለሁ፤ ይህን ሁሉ የአየር ቁጥር ለሰው ሳሰላ ኖሬ አንድ ጊዜ እንኳን አልበረርኩም ብዬ ግን ራሴን ታዘብኩትና ቲኬት ቆረጥኩ። ከዚያ በፊት አገልግሎቱን «ለእኔ ቅርብ የሆነው ማረፊያ የቱ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ደብረ ማርቆስ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል አለኝ። በካርታ እውነቱን ነው። በአስፋልት ግን ወደ 90 ይጠጋል፤ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ እኔ በተጓዝኩበት ሰሞን ከማርቆስ የሚነሣ መደበኛ የመንገደኛ በረራ አልነበረም። ሰውየው ማረፊያ መኖሩን እንጂ አውሮፕላን መኖሩን አይጠይቅም። ባምነው ኖሮ በማርቆስ ሜዳ ላይ ሻንጣዬን ይዤ ሰማይ ሰማይ ሳይ እውል ነበር።

ስለዚህ ባሕር ዳር። እዚህ ላይ ካርታ ያላችሁ አውጡት። አዲስ አበባ ከፍኖተ ሰላም ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው፤ በመኪና መንገድ 387 ኪሎ ሜትር፣ ወፍ ብሆን 250 ገደማ። ባሕር ዳር ደግሞ ወደ ሰሜን ነው፣ 176 ኪሎ ሜትር። ወደ ደቡብ ለመሄድ ጀርባዬን ለደቡብ ሰጥቼ ቡሬን፣ ጥሊሊን፣ ብርዳሟን ኮሶበርን፣ ዳንግላን፣ መራዊን ማለፍ አለብኝ። ከዚያ በሰማይ 333 ኪሎ ሜትር ተመልሼ እመጣለሁ። ድምሩ 509። በአውቶቡስ ብሄድ ከምጓዘው 122 ኪሎ ሜትር ይበልጣል ማለት ነው። ባለቤቴ ይህን ስነግራት «መርፌ ፍለጋ ገበያ ዞረህ ቤትህ ገባህ በለኝ» አለች።

ከቤቴ ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ወጣሁ። ሚኒባሱ ባሕር ዳር ሲያደርሰኝ አራት ሰዓት። በባጃጅ ወደ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ሄድኩ። በፍተሻው ላይ ለናሙና የያዝኩት አሮጌ ድራም አነጋገረን፤ በጥቁር ላስቲክ የተጠቀለለ፣ የክንድ ያህል የሚረዝም የብረት ዘንግ ነው። «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ ፈታሹ። «የፎቶ ኮፒ ልብ ነው፣ የሞተ» አልኩት። ፈትቶ አየው፣ አረንጓዴ አንጸባረቀበት፣ ፈገግ ብሎ መልሶ ጠቀለለልኝ። ከዚያ ቁጭ አልኩ። በረራው ሰባት ሰዓት ነው። ለሰው ሁሉ «55 ደቂቃ» እያልኩ ስሸጠው የኖርኩት ጉዞ ውስጥ ይህ ወንበር እንደነበረ አላውቅም ነበር።

ስለ በረራው ራሱ ግን ክፉ ቃል የለኝም። ጣና እንደ ብር ሳሕን ከበታቻችን ተገለበጠ። አገልግሎቱ የሚያሰምረው ቀጥታ መሥመር በጮቄ አናት ላይ አልፎ ከአባይ ድልድይ ዝቅ ብሎ ይሻገራል፤ አውሮፕላን የራሱ የአየር መንገድ ቢኖረውም በመስኮቴ ያየሁት ከዚያ ብዙ አልራቀም። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ ከታች ሆኜ ሳየው ዕድሜ ልኬን አንገቴን ቀና አድርጌ ነው። ያን ቀን አጎንብሼ አየሁት። በዙሪያው የታጨደው ጤፍ ማሳ ቢጫ፣ ያልታጨደው ቀላ ያለ፣ ክምሩ እንደ ነጠብጣብ።

ከዚያ አባይ መጣ። የአባይን በረሃ በአውቶቡስ የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ ከደጀን ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ጥምዝምዝ፣ ጆሮ የሚደፍን ቁልቁለት፣ የፍሬን ሽታ፣ ከፊት የሚያቃስት የጭነት መኪና፣ ከጎን የምታስታውክ ሴት፣ ታች ድልድዩ ጋ ሙቀቱ፣ ከዚያ ደግሞ ያን ሁሉ መልሶ መውጣት። ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። በጃፓን እርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ሲከፈት ወንዙን መሻገር ቀለለ፤ ገደሉ ግን ያው ገደል ነው። ከላይ ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ። ከወዲህኛው ጠርዝ ወዲያኛው ጠርዝ ሁለት ደቂቃ ከምናምን። መንገዱ በገደሉ ግድግዳ ላይ ወድቆ እንደቀረ የነጠላ ክር ይታያል። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ አማተቡ፤ እኔም አማተብኩ፣ ከልማድ።

ቦሌ ስምንት ሰዓት አረፍን። ሻንጣ፣ መውጫ፣ ታክሲ፣ የታክሲ ክርክር። መርካቶ ስገባ ዘጠኝ ተኩል ነው። በዚያው ዕለት ጎረቤቴ፣ ጫማ የሚነግደው፣ ከፍኖተ ሰላም በአውቶቡስ ተነሥቶ ነበር፤ ሌሊት ዐሥራ አንድ ሰዓት ወጥቶ ስምንት ተኩል ላይ አውቶቡስ ተራ ገብቷል። አስቡት፦ እሱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ እኔ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ስደውልለት ምሳውን በልቶ ቡና እየጠጣ ነበር። «የት ነህ? ገና ሰማይ ላይ ነህ?» አለኝ። እስከ ዛሬ ሱቁ ፊት ሳልፍ ይህንን ይደግምልኛል።

እንግዲህ ይህ አገልግሎት ለማን ይጠቅማል? ለባሕር ዳርና ለመራዊ ሰው ይጠቅማል፤ ለዳንግላም ምናልባት። ከቡሬ ወደ ታች ላለን፣ ከበር እስከ በር ስንቆጥረው፣ 55 ደቂቃ የምትባለው የጉዞው ቅንጣት ናት። በሽተኛ፣ አራስ ወይም ሽማግሌ ይዞ ለሚሄድ ግን ሰዓቱ እኩል ቢሆንም አውሮፕላኑን እመክራለሁ፤ የአባይን በረሃ መዝለል ብቻውን ዋጋ አለው። መንገድ በሚዘጋጋበት ሰሞን ደግሞ ምርጫም አይደለም።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቼዋለሁ። ሁለቱ ለርቀቱ ናቸው፣ አንዷ ቅሏን ለደንበኛ እንዳሳይ ምክንያት ስለሆነችኝ ካርታ። ለሰዓቱ ምንም አልሰጠሁም። ይልቅ ግድግዳዬ ላይ የራሴን ሰሌዳ ለጥፌአለሁ፦ ቦሌ–ደለስ ሲሄዱ 17፣ ሲመለሱ 13፤ ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር 4፤ ማረፊያው ውስጥ መቀመጫ 3።

ባለፈው ሳምንት እማማ እንደገና ደወሉ። የልጅ ልጃቸው ክርስትና ተነሥቷል፣ ፍልሰታ ሳይገባ አገራቸው መግባት ይፈልጋሉ፤ ሱባኤውን ከደብራቸው ውጪ ሊይዙ አልፈቀዱም። «ስመለስስ ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ። ገጹን ከፍቼ ሁለቱን ኮዶች አገላብጬ ጻፍኩለት። 14 ሰዓት ከ57 ደቂቃ።

«ሰውዬው ምን አለ?»

«ያንኑ ነው እማማ።»

«እሱን ተወው። ግድግዳው ምን ይላል?»

«ዐሥራ ሦስት» አልኳቸው።